ገቢው ለማን፣ ውሳኔውስ የማን? የገጠር ማኅበረሰብ ቱሪዝም ሲዳሰስ

ስለ ገጠር ቱሪዝም በተነሣ ቁጥር በአገራችን የሚቀድመው የመስህብ ዝርዝር ነው፤ ተራራው፣ ፏፏቴው፣ ገዳሙ፣ ብርቅዬው እንስሳ። ከዚያ መንገድ የለም፣ ማረፊያ የለም፣ ማስታወቂያ የለም የሚለው ሮሮ ይከተላል። በተራራው ግርጌ የሚያርሰው ገበሬ የሚታወሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ «የአካባቢው ማኅበረሰብም ተጠቃሚ ይሆናል» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር። ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። ተጠቃሚ የሚሆነው በምንድን ነው? ዋጋውን የሚተምነው፣ ገንዘቡን የሚይዘው፣ እንግዳ በዛ ሲል «ይበቃል» የሚለውስ ማን ነው?

በኢትዮጵያ ሁለት አሥርት ዓመታት የተሻገሩ ሙከራዎች አሉን፤ በሌላው ዓለም ደግሞ ከዚያ የረዘመ ልምድ አለ። ሁሉም ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ። የገጠር ቱሪዝም የሚጸናው ነዋሪው በመሬቱና በደንቡ ላይ ሥልጣን ኖሮት እንግዳውን ሲቀበል ነው። የእንግዳ ማረፊያ ጎጆው ቀድሞ ተሠርቶ ሥልጣኑ ኋላ ይመጣል ከተባለ ግን፣ ለጋሹ ድርጅት ሲወጣ ሥራውም አብሮት ይወጣል።

ሌሎች የሄዱባቸው ሦስት መንገዶች

ኔፓል እ.ኤ.አ. በ1986 በአናፑርና ተራሮች ዙሪያ የጥበቃ ቀጠና ስታቋቁም ነዋሪዎቹን አላስነሣችም። ተጓዡ የሚከፍለው የመግቢያ ክፍያ እዚያው ቆይቶ ለደን ጥበቃ፣ ለመንገድና ለማኅበራዊ አገልግሎት እንዲውል ተደረገ። ውጤቱ መልካም ነበር፤ ጉድለትም አልጠፋውም። ዋናው የእግር መንገድ ላይ ማረፊያ የከፈቱ ቤተሰቦች ኑሯቸውን ሲያሻሽሉ፣ ከመንገዱ ራቅ ያሉ መንደሮች የደረሳቸው ጥቂት ነው።

ናሚቢያ ወደ ሕግ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ በጋራ መሬት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ተመዝግበው፣ ወሰናቸውን ተስማምተው፣ መተዳደሪያ ደንብና ኮሚቴ ሲያቋቁሙ በአካባቢያቸው የዱር እንስሳትና ቱሪዝም የመጠቀም መብት ይሰጣቸዋል። ዛሬ እንዲህ ያሉ ጥብቅ ቀጠናዎች ከ80 በላይ ሆነዋል። ባለሀብቱ ሎጅ መሥራት ሲፈልግ የሚደራደረው ከእነርሱ ጋር ነው።

ሩዋንዳ የመረጠችው ገቢ ማካፈልን ነው። ከብሔራዊ ፓርኮቿ ገቢ 5 በመቶው በዙሪያው ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ወሰነች፤ በ2017 ድርሻውን ወደ 10 በመቶ አሳደገችው። በዚህ ገንዘብ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተሠርቷል። ይሁን እንጂ ድርሻ መቀበል ሥራውን ከመምራት ይለያል፤ ተቀባዩ ስለ ዋጋውም ሆነ ስለ እንግዳው ብዛት የመጨረሻ ቃል የለውም።

ከሦስቱም ጎን ሊጤን የሚገባ ማስጠንቀቂያ አለ። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው የባሕር ማዶ ልማት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 የላቲን አሜሪካን የማኅበረሰብ ቱሪዝም አስመልክቶ ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ብዙዎቹ ማረፊያዎች ካሏቸው አልጋዎች የሚያዘው 5 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ጠቅሶ ነበር። ቤቱ በእርዳታ ገንዘብ አምሮ ተሠርቶ፣ እንግዳ የሚያመጣለት የገበያ ሰንሰለት አልተዘረጋለትም። ለዓመታት የስብሰባና የሥልጠና ጊዜውን ለሰጠ ገበሬ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው።

ጓሳ፦ ደንቡ ከእንግዳው የቀደመበት ደጋ

በሰሜን ሸዋ መንዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ውርጫማ ደጋ አለ። ጓሳ ይባላል። የጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በክፉ ዘመን የከብት መኖ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም በዚያው ሣር ውስጥ ይኖራሉ። ከደጋው የሚነሡት ምንጮች ከፊላቸው ወደ አባይ፣ ከፊላቸው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

መንዞች ይህን ደጋ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። አባ ቄራ የሚባል ሹም ይመርጡ ነበር። ሣሩ እስኪደርስ ደጋው ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት፣ ይዘጋ ነበር፤ ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነበር። ጥበቃው የሁሉም አባወራ ግዴታ ነበር። ሲከፈትም በበጋ፣ ለተወሰነ ጊዜ ነበር። ሥርዓቱ የቆመው በርስት ላይ ስለ ነበር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ፈረሰ። አዋጁ ከርስቱ ውጭ ለነበሩ ሰዎች ፍትሕ አምጥቷል፤ ለደጋው ግን የቀደመውን ደንብ የሚተካ ደንብ ይዞ አልመጣም። ሣሩ ያለ ጠባቂ ቀረና ተጎዳ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለዳሰሳችን ትልቁ ትምህርት። በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ከርስት ሐረግ ይልቅ በነዋሪነት ላይ የቆመ ኮሚቴ መሠረቱ፤ የመዝጋትና የመክፈት ልማዱን በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መለሱት፤ ከራሳቸው መካከል ጥበቃ መደቡ። ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ታወቀ፣ የማኅበረሰብ ሎጅም ተሠራለት። እዚህ ቱሪዝሙ የተጨመረው ቀድሞ ሕግ በነበረው ሥፍራ ላይ ነው። እንግዳ ቢጠፋ እንኳ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቤቱ ይከደናል፣ ደንቡም ይቀጥላል። ማኅበሩ ዓላማውን ለጎብኚ ሲል ስላልፈጠረው፣ ጎብኚ ሲቀር አይበተንም።

አዳባ ዶዶላ፦ ሌላውን የመከልከል መብት

በምዕራብ ባሌና በአርሲ አዋሳኝ ባሉት የአዳባና የዶዶላ ደኖች ደግሞ፣ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተካሄደ ፕሮጀክት ጥያቄውን ከደን በኩል ጀመረው። በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰቦች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ገቡ። ስሌቱ ግልጽ ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ገደማ፣ ለአንድ ማኅበር እስከ 30 አባላት። ማኅበሩ ለደኑ ኪራይ ይከፍላል፤ በምትኩ ይጠቀማል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ ሰው ገብቶ እንዳይቆርጥ የመከልከል መብት ያገኛል።

በዚሁ ቀጠና በፈረስ የሚኬድ የተራራ ጉዞ ተዘረጋ፤ በየአንድ ቀን መንገዱ የእንጨት ማረፊያ ቤት ቆመ፤ አስጎብኚውና ባለ ፈረሱ ከዚያው ሰፈር ሆኑ። ጎብኚው ብዙ ባይሆንም ደኑን ለመጠበቅ ሁለተኛ ምክንያት ሆነ። የመከልከል መብት የሚባለው ነገር ደረቅ የሕግ ቃል ይመስላል እንጂ በገጠር ኑሮ ውስጥ ትርጉሙ ትልቅ ነው። ዛሬ ያልቆረጥሁትን ዛፍ ነገ ሌላው ይቆርጠዋል ብሎ የሚሰጋ ሰው አይጠብቅም። ጎብኚ ሊያይ የሚመጣው ደግሞ ሳይቆረጥ የቀረውን ነው።

መቄት፦ ገበያውን ማን ይይዛል?

በወሎ፣ በላስታና በመቄት ደጋ፣ ተስፋ በሚል ስም የሚታወቀው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። አካባቢው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ የተጎዳ፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን በእህል እጥረት የሚገፋበት ነው። ንድፉ ቀላል ነበር። መንደሩ በገደል አፋፍ ላይ፣ ለምሳሌ በመቋት ማርያም፣ በአገሩ አሠራር ጥቂት ጎጆዎች ይሠራል። እንግዶቹ በትንሽ ቡድን ይመጣሉ፤ ጓዛቸው በአህያ ይጫናል፤ ማታ ሽሮና እንጀራ፣ ጠዋት ዳቦና ቡና ይቀርብላቸዋል፤ በማግስቱ ወደሚቀጥለው መንደር ይሻገራሉ። ጎጆው የግለሰብ ሳይሆን የማኅበሩ ነው።

የመቄት ልምድ ከሌሎቹ የሚለየው ገበያውን ሳይዘነጋ መነሣቱ ነው። የመንደሩ ማኅበር ከውጭ አገር እንግዳ ጋር መጻጻፍ፣ ቀን ማስያዝ፣ ክፍያ መቀበል አይችልም። ስለዚህ ይህን የሚሠራ አገናኝ አካል አብሮ ተቋቋመ። በጎረቤት ያለው የላሊበላ ስመ ጥርነትም ረዳ፤ ቅዱሱን ከተማ ለማየት የመጣ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ጨምሮ ደጋውን ይረግጣል። ሞዴሉ ቆይቶ ወደ ትግራይ፣ ወደ አጋሜ ተራሮችም ተሻግሯል።

ጥያቄው እዚሁ ይነሣል። አገናኙ ካልኖረ መንደሩ እንግዳ አያገኝም፤ አገናኙ ብቻውን ከጠነከረ ደግሞ መንደሩ የጎጆ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው የድርሻ ውል ነው፤ ከእያንዳንዱ እንግዳ ክፍያ ለመንደሩ ስንት እንደሚደርስ በጽሑፍ፣ በሚያነቡት ቋንቋ፣ በየዓመቱ እንደገና ሊደራደሩበት በሚችሉት መልኩ መቀመጥ አለበት። በቃል ብቻ የሚሄድ አሠራር የሚጎዳው ሁልጊዜ ከከተማ የራቀውን ወገን ነው።

ሰሜንና ወንጪ፦ ከላይ የሚመጣ ውሳኔ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዋልያ ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ፣ መንገድም በመሀሉ በማለፉ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ወጣ። በመሀሉ የሆነውን ማስታወስ ተገቢ ነው። በፓርኩ ውስጥ የነበረው ትልቁ መንደር፣ ግጭ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥቶ ነዋሪው ወደ ደባርቅ ተዛወረ። ቅርሱ ከአደጋ ሲወጣ ከቀየው የወጣ ሕዝብ አለ ማለት ነው። በደባርቅ አስጎብኚው፣ ወጥ ቤቱ፣ ባለ በቅሎውና ስካውት የሚባለው ታጣቂ ጠባቂ በማኅበር ተደራጅተው በተራ ሲሠሩ ቆይተዋል። ተራው ፍትሐዊ ነው፤ ሥራው ለብዙ እጅ ይዳረሳል። ከደጋው ላይ የከብት ግጦሹን ያጣው አባወራ ግን በዚያ ተራ ውስጥ ስሙ ካልተጻፈ ጥቅሙ ወደ ሌላ ሰው ሄዷል፤ ዕዳው እርሱ ዘንድ ቀርቷል።

ወንጪ ሌላ ገጽ ያሳየናል። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ለረጅም ጊዜ የተጎበኘው በአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር አስተናጋጅነት ነው፤ ፈረሱም ጀልባውም በተራ ነበር የሚወጣው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን፣ በ2022 በጎጃም የቾቄ ተራሮችን፣ በ2023 በአርሲ ሌጲስን በምርጥ የቱሪዝም መንደርነት መርጧቸዋል። ወንጪ በመንግሥት የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ታቅፎ ሰፊ ግንባታ ተካሂዶበታል። መንገዱ ተሠርቷል፣ የአገር ውስጥ ጎብኚው በዝቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። እንዲህ ባለ ሥፍራ የሚጠበቀው ጥያቄ ባለ ፈረሱና ባለ ጀልባው በአዲሱ ሥራ ውስጥ ባለድርሻ ናቸው ወይስ ቅጥረኛ የሚለው ነው። ደመወዝ ጥሩ ነገር ነው። የማኅበር አባል ግን ከደመወዝ ሌላ ድምፅ ነበረው፤ ድምፁ በግንባታው ሥር እንዳይቀበር ውሉ ላይ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

በየቤቱ የሚቆጠረው ሒሳብ

በጥናት ወረቀት ላይ ጎልተው የማይታዩ፣ በገበሬው ቤት ግን በየቀኑ የሚቆጠሩ ወጪዎች አሉ።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የውጭ እንግዳ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ፣ ጥር ውቂያ ነው። አስጎብኚ ሆኖ የሄደው ልጅ ከአውድማው ጎድሏል። ስለዚህ ማኅበሩ ተራውን ሲያወጣ የእርሻውን ቀን መቁጠሪያ አብሮ ማየት አለበት፤ አንዱ እንግዳ ሲይዝ ሌሎቹ በወንፈል እህሉን የሚያነሡበት ስምምነት ካለ ሁለቱም ሥራ ይሄዳል።

ሁለተኛው የሴቶች ድካም ነው። እንግዳው የሚበላውን የምትጋግረው፣ የሚታጠብበትን ውኃ ከምንጭ በጀሪካን የምታመጣው፣ አልጋውን የምታነጥፈው እርሷ ናት። ጉርሻው ግን የሚገባው ከእንግዳው ጋር ቋንቋ ለሚለዋወጠው ወንድ አስጎብኚ ነው። የማእድ ቤት ሥራ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ዋጋ ያልተጻፈለት ከሆነ፣ «ማኅበረሰቡ ተጠቅሟል» ማለት ግማሹን ማኅበረሰብ መርሳት ነው። ጉርሻ በጋራ ሣጥን ገብቶ የሚከፋፈልበት ደንብ፣ ሴቶች ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ተቆጣጣሪ የሚሆኑበት ድንጋጌ ይህን ያቃናል።

ሦስተኛው ማገዶ ነው። ደን ለማየት የመጣ እንግዳ ሙቅ ውኃ ሲፈልግ ደኑ ይነድለታል። አናፑርና ላይ በአንዳንድ ሥፍራዎች ኬሮሲን ጥቅም ላይ እንዲውል የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ለእኛ ደጋዎች የፀሐይ ኃይልና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከጎጆው ጋር እኩል መታቀድ አለባቸው።

አራተኛው የኅሊና ጉዳይ ነው። ለመሸበት መንገደኛ ቤት መክፈት፣ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ላለ ሰው እግር ማጠብና ራት ማቅረብ ያደግንበት ነው፤ ለዚህ ገንዘብ መቀበል ለብዙ ሽማግሌዎች ነውር ነው። የማኅበር ጎጆ ይህን ችግር በጥበብ ይፈታዋል። ክፍያው ለማኅበሩ ነው፤ የግል ቤት እንግድነት በቦታው ይቆያል። ሁለቱ ሲደባለቁ ልጆች እንግዳ ባዩ ቁጥር እጅ መዘርጋት ይለምዳሉ፤ ይህ የደረሰባቸው ሥፍራዎች አሉ።

ባህል ለዕይታ ሲቀርብ

በታችኛው ኦሞ ለዓመታት የቆየው አሠራር እንግዳ ፎቶ ባነሣ ቁጥር ለተነሣው ሰው የሚከፍልበት ነው። ገንዘቡ ለቤተሰቡ በቀጥታ መድረሱ ጥሩ ጎን አለው። ነገር ግን ክፍያው በምስል ስለሆነ ሰው ምስሉን ያበዛል፤ በዕለት ኑሮ የማይደረግ ጌጥ ለካሜራ ይደረደራል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ለሌንስ ይሻማል። እንግዳውም ሰዎቹን ሳያውቅ ይመለሳል። እንደ መንደር በአንድ ጊዜ የሚከፈል የመግቢያ ዋጋ፣ ከአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚ ጋር ተቀምጦ የሚደረግ ጨዋታ፣ ፎቶ የማይነሣባቸው ሥርዓቶች ዝርዝር፣ ይህን ሽሚያ ያበርዱታል። ዝርዝሩን ማውጣት ያለባቸው የባህሉ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው።

በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ፣ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የተለየ ምሳሌ ነው። ጎብኚ የሚሄደው የወንድና የሴት ሥራ ያልተከፋፈለበትን አኗኗር ለማየት ነው። የማኅበረሰቡ መተዳደሪያ ግን ሽመናና ሌላ ምርት ሆኖ ቆይቷል፤ እንግዳ ማስተናገድ ተጨማሪ ነው። ጎብኚው ሲመጣ የሚያገኛቸው ሥራ ላይ ነው፤ ከዚያው የሸመኑትን ገዝቶ ይሄዳል። ክብራቸው በእንግዳው ብዛት ላይ አልተንጠለጠለም።

መከራ ሲመጣ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ የውጭ ጎብኚ በአንድ ጊዜ ቆመ። በዚያው ዓመት ማግስት፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ ወደ ላስታና ወደ ወሎም ዘለቀ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። መቄትን፣ ላሊበላን፣ ደባርቅንና በትግራይ ያለውን ገርዓልታን የሚያገናኘው የእንግዳ መንገድ ተበጠሰ። በእነዚህ ዓመታት የሞተው ሰው፣ የፈረሰው ቤት፣ የተሰደደው ቤተሰብ በቱሪዝም ሚዛን የሚለካ አይደለም። ሰላም ከሌለ ስለ ማኅበረሰብ ቱሪዝም የሚጻፈው ሁሉ ከንቱ መሆኑን በግልጽ መናገር ግዴታ ነው።

በዚህ መከራ ውስጥ የታየ አንድ እውነት አለ። በሬውን ሸጦ የእንግዳ በቅሎ የገዛ፣ እርሻውን ትቶ በአስጎብኚነት ብቻ የኖረ ሰው ከሁሉ በፊት ወደቀ። እርሻውን ሳይለቅ እንግዳ የተቀበለው ቢያንስ ጎተራው ነበረው። ስለዚህ ለገበሬ ቱሪዝም ዋና ሳይሆን ሁለተኛ ገቢ ሆኖ እንዲቆይ መምከር ከልማት ወደ ኋላ መጎተት አይደለም፤ ከረሃብ መጠበቅ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ቸል የተባለው እንግዳ የራሳችን ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ መጨረሻ ተሰባስበው ወደ ወንጪና ወደ መናገሻ የሚወጡ የእግር ጉዞ ቡድኖች የውጭ አየር መንገድ በረራ ሲቆምም መጓዝ አያቆሙም። ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር የሚመጣው በውጭ የሚኖር ወገናችንም ቋንቋውንም ምግቡንም ያውቃል። ለእነርሱ የሚሆን ዋጋ፣ ለጾም ቀን የሚሆን ማዕድ፣ በቴሌብር የሚከፈል ቀላል አከፋፈል ቢዘጋጅ ማኅበራቱ በውጭ ገበያ መዋዠቅ ብቻ አይናጡም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተዳሰሱት የሚወጣው ምክር በቅደም ተከተል ሲቀመጥ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ መብት። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው። የግለሰብ ማሳ የይዞታ ደብተር ሲያገኝ፣ ጎብኚ የሚመጣበት የጋራ ደን፣ ግጦሽና ገደል ግን በብዙ ሥፍራ ባለ ደብተር አልሆነም። ማኅበሩ በዚህ የጋራ ይዞታ ላይ የመጠቀም፣ የመከልከልና ከባለሀብት ጋር የመዋዋል መብት በጽሑፍ ማግኘት አለበት። ጓሳና አዳባ ዶዶላ ይህ የማይቻል እንዳልሆነ አሳይተዋል።

ሁለተኛ ደንብ። የእንግዳ ቁጥር ጣሪያ፣ የሥራ ተራ፣ የገቢ ክፍፍል፣ የጥገና ተቀማጭና ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ ከመጀመሪያው እንግዳ በፊት ይወሰኑ። አገሩ ይህን ልምድ አያጣም፤ ዕድር ደንብ ያወጣል፣ ቅጣት ይጥላል፣ ሒሳብ በጉባኤ ፊት ያነባል። የቱሪዝም ማኅበሩም ሒሳቡን በየሩብ ዓመቱ በአደባባይ ያንብብ።

ሦስተኛ ገበያ። እንግዳ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያመጣው፣ በስንት ድርሻ እንደሚያመጣው ያልታወቀበት ጎጆ አይሠራ።

ሕንፃው የሚመጣው ከሦስቱ በኋላ ነው። በጀት የያዙ ቢሮዎችና ለጋሾች ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡት ጎጆ ስለሚመረቅና ፎቶ ስለሚነሣ፣ ደንብ ግን ስለማይመረቅ ነው። ይህ ልማድ መቀየር አለበት።

መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው የቱሪዝም ሪፖርት የጎብኚ ብዛትና የዶላር መጠን ይቆጥራል። ከዚያ ጎን ስንት የገጠር ማኅበር ሒሳቡን ራሱ እንደሚይዝ፣ ስንቱ በመሬቱ ላይ «አይሆንም» የማለት መብት እንዳለው፣ ስንቱ ያለ ለጋሽ ድጋፍ አምስት ዓመት እንደቆየ ይቆጠር። አንባቢም የገጠር ጉዞ ቀን ሲያስይዝ ከምከፍለው ለመንደሩ ስንት ይደርሳል ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ከሁለቱም ወገን ሳይቋረጥ ሲነሣ ገበሬው በሪፖርቱ ማብቂያ የሚጠቀስ ተጠቃሚ መሆኑ ያበቃል፤ የሥራው ባለቤት ይሆናል።